የአባቴ ባሕር ዛፎች ስንት ይጠጣሉ?

ኅዳር 3

መሰርሰሪያው ዛሬም ባትሪ ጨረሰብን። ገና ሁለተኛው ጽድ ላይ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በታች ካለው ቤት ሶላር ላይ ሰክተን ቁጭ… ሄለን ግን መቼ ቁጭ ትላለች? የብረት ቀበቶዎቿን ይዛ ከዛፍ ዛፍ ስትዞር ዋለች። ግንዱ ሲወፍር ቀበቶው ይሰፋል። ከውፍረቱ ተነሥታ ዛፉ ከአየር ስንት ካርቦን እንደወሰደ ታሰላለች። ከአየር የሚገባው የእሷ ነው፤ ከመሬት የሚጠጣው የእኔ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለታችን አንድ መኪና ስለሰጠን አንዳችን ሳንጨርስ ሌላዋ አትሄድም። የሐዋሳ ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ከመጣች ዓመት አልፏታል፤ ብርዱን ግን አሁንም ትረግማለች።

መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ከአጠገባችን አልተለዩም። የደብሩ ሊቅ ናቸው፤ እኔንም በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ግንዱ ውስጥ የምከተው የመለኪያ መርፌ ዛፉን ያመው እንደሆነ ጠየቁኝ። ከከብት ክትባት አይብስም አልኳቸው። እንግዲያው ቀጥሉ አሉ። ግን ግንዱ ሲበሳ ፊታቸውን ዞር ያደርጉ ነበር።

ደክሞኛል። እጄ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ተወልጄ ባደግሁበት ቀበሌ፣ በማውቀው ደን ውስጥ፣ የራሴን ሥራ… ደስ ይላል።

ኅዳር 6

መስመሩ ተነሣ።

ላፕቶፑ ላይ ሳየው ማመን አቃተኝ። ፀሐይ ቅጠሉን ስትነካ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ቀትር ላይ ከፍ ይላል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ዛፉ ሲጠጣ ማየት ማለት ነው። ስንት ወር ያሰብኩበት…

እማዬ በስልክ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ግንዱ ውስጥ ሁለት መርፌ አለ፣ አንዱን እናሞቀዋለን፣ ውሃው ሽቅብ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ መርፌው ቶሎ ከቀዘቀዘ ዛፉ ብዙ እየጠጣ ነው ማለት ነው አልኳት። ትኩሳቱን ነው የምትለኪው በይኛ አለች። አዎ፣ እንደዚያ በይው።

ኅዳር 14

ለማነጻጸሪያ ባሕር ዛፍ ያስፈልገናል። ሄለን ካርታዋ ላይ ስትፈልግ ቆይታ አንዱን በጣቷ ነካች። ያው ዳገት፣ ያው አፈር፣ ከምንጩ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ቀጥሎ። ከዚህ የተሻለ የለም አለች። የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የአባባ ነው።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ፈቃድ መጠየቁ ቀላል ይሆናል…

ኅዳር 17

ቀላል ብቻ? አባባ ከእኛ ቀድመው ሥሩን ጠርገው ጠበቁን። መርፌው የትኛው ላይ እንደሚገባ ራሳቸው መረጡ፤ ቀጥ ያሉትን፣ ያማሩትን። መምረጥ ያለብን በዕጣ ነው ብዬ ባስረዳቸውም ደስ አላላቸውም። ጠማማው ከደረሰን በኋላ ይኼን ዝለሉት ብለው ሄለንን ሊለምኗት ሞከሩ።

ማታ ራት ላይ ለእማዬ ሲነግሯት ሰማሁ። ሥራነሽ፣ ዛፎቻችን ዩኒቨርሲቲ ገቡ አሏት።

እውነታቸውን ነው። እኔንም ዩኒቨርሲቲ ያስገቡኝ እነሱ ናቸው። አንደኛ ክፍል ስገባ ነው የተከሏቸው። ሁለት ጊዜ ተቆርጠው ሁለት ጊዜ በቅለዋል። የቤታችን ቆርቆሮ ከእነሱ፣ የኮሌጅ ልብሴ ከእነሱ…

ታኅሣሥ 20

ባትሪ ቅየራ። ሁለት መርፌ ጉንዳን አበላሽቶታል። ሌላ ምንም የለም።

ጥር 18

ከጥምቀት ወዲህ ምንጩ በጣም ቀንሷል። ድሮ እንደ ክንድ የሚወፍረው ውሃ አሁን እንደ ጣት ሆኗል። ጀሪካኑ ተደርድሮ ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የብርጓልን አገኘኋት፤ አብረን የተማርን፣ አሁን የሦስት ልጆች እናት። ትንሹን አዝላዋለች። ጎህ ሳይቀድ መጥታ እኔ እስክደርስ ተራዋ አልደረሰም። አንቺ የውሃ ሰው ሆነሽ የለም እንዴ፣ ምን ሆኖ ነው የሚደርቀው አለችኝ። እየለካሁ ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

የቀበሌው ሊቀ መንበር አምሳሉ ግን መልሱ ተገኝቷል ባይ ነው። ምንጩ ዳር ያለውን፣ የእኔም መርፌ ያለበትን ትልቁን ሾላ ነው የሚከስሰው። ሦስት ሰው የማያቅፈው ግንድ ውሃውን ካልጠጣው ማን ሊጠጣው ነው ይላል። እሱንና ዙሪያውን ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ቆርጦ ምንጩን አስፍቶ ለመቆፈር አስቧል። መጋቢት ላይ ስብሰባ ይጠራል። አምሳሉ ክፉ ሰው አይደለም። የሴቶቹን ሰልፍ አይቶ ነው።

መሪጌታ ሾላውን ቆመው ሲያዩት አየሁ።

የካቲት 9

የሦስት ወሩን ዳታ ደመርኩ። ደግሜ ደመርኩ። ሄለን ከእኔ ነጥላ በራሷ መንገድ ደመረችው። ያው ነው።

ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። አንዱን ዛፍ ከአንዱ ዛፍ ጋር ካየነው ሾላው ከማንኛውም ባሕር ዛፍ ይበልጣል። አምሳሉ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ግን ሾላው አንድ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የመሬቱን ስፋት እኩል አድርገን ስናየው ባሕር ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ከእጥፍ በላይ ይጠጣል። ሌላም አለ። ፀሐይ ሲበረታና መሬቱ ሲደርቅ ጽዱም ወይራውም ሾላውም ከቀትር በኋላ ቆጠብ ያደርጋሉ። መስመራቸው ዝቅ ይላል። የባሕር ዛፉ መስመር ዝቅ አይልም።

የአባባ ባሕር ዛፍ።

ጥሩ ውጤት ነው፤ ንጹሕ ውጤት። እንዲህ ያለ ነገር አገኛለሁ ብዬ አልገመትኩም። መኩራት ነበረብኝ… ኮርቻለሁም። ታዲያ ለምን ለአባባ አልደወልኩም?

የካቲት 10

ጥናቱ አላለቀም፣ ገና ነው ብዬ ዝም ማለት እችላለሁ። ውሸትም አይሆንም። ሄለንን አማከርኳት። አንቺ ገና ነው ስትይ ሾላው ይቆረጣል አለችኝ።

የካቲት 13

መንገድ ተዘግቷል። ማርቆስ ተቀምጠናል። ለአባባ የምነግርበት ቀን ስለራቀ ቀለል አለኝ። አፈርኩም።

የካቲት 23

ነገርኳቸው።

ስብሰባው ላይ ከሰው ጋር እኩል እንዲሰሙት አልፈለግሁም። አጥር ሲያጥሩ ደረስኩ። እንጨት እያቀበልኳቸው ስለ መንገዱ፣ ስለ ማርቆስ፣ ስለ ምናምን አወራሁ። ከዚያ በቃ…

«አባባ፣ ምንጩን የሚያደርቀው ሾላው አይደለም። የእርስዎ ባሕር ዛፍ ነው የሚብሰው።»

አንድ ካስማ ተከሉ። ዙሪያውን በእግራቸው ጠቀጠቁ።

«ቀበሌው ፊት ልትናገሪው ነው?»

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ። መጠየቃቸው ደግሞ አይቀርም።»

«ያስተማሩሽን ዛፎች ልትከሺያቸው ነው።»

በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ተቀብለውኝ የነበረውን እንጨት መልሰው ክምሩ ላይ አስቀመጡና ወደ ከብቶቹ ሄዱ።

ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ መልሱ እየመጣ እየሄደ… አሁንም አልመጣም።

መጋቢት 2

እማዬ ደወለች። አባትሽ አይናገርም አለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣል፣ ተቀምጦ ያይና ይመለሳል። ተቆጥተው እንደሆነ ጠየቅኳት። እንጃ፣ ተቆጥቶስ ቢሆን ይጮህ ነበር አለች።

መጋቢት 8

የዛሬውን መጻፍ አለብኝ።

ትናንት አባባ በእማዬ ስልክ ደውለው ያንን መስመርሽን አሳዪኝ አሉኝ። ሰላምታም የለ። ዛሬ ጠዋት ከሄለን ጋር ደረስን። መርፌ ካለበት ዛፍ ሥር ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ ዘረጋሁ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር መስመሩ መነሣት ጀምሯል። የትኛው መስመር የትኛው ዛፍ እንደሆነ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህ መስመር የዚህ ዛፍ መሆኑን እኔ በምን ልወቅ?»

ሽቦውን አሳየኋቸው። ሽቦውን ተከትለው እስከ ሳጥኑ ሄዱ፤ ተመለሱ።

«ብቆርጠው ይቆማል?»

ሄለን አየችኝ። አንድ ዛፍ ከጥናቱ መሐል ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲውን አስፈቅደን አልመጣንም። ግን ሌላ ምን ማስረጃ ልሰጣቸው እችላለሁ? ቁጥር?

«ይቆማል» አልኳቸው።

መጥረቢያ አመጡ። ከመርፌዎቹ በላይ፣ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ መቱት። ከመረጧቸው ቀጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ዕጣው ደርሶት የገባ። ሲወድቅ አላዩትም። ወዲያው ወደ ላፕቶፑ መጡ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወረደ። ወረደና ተኛ። የጎረቤቱ ዛፍ መስመር ግን ሽቅብ መሄዱን ቀጥሏል።

አባባ ጉቶውን አዩ፤ ላፕቶፑን አዩ። መዳፋቸውን ጉቶው ላይ አሳረፉ። ሲያነሡት ርሷል። በዚህ ወር እንዲህ እርጥብ ነው አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ።

«ስብሰባው መቼ ነው ያልሽኝ?»

ሄለን መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ፣ የእኔ አባት ቢሆን ላፕቶፑን ነበር የሚቆርጠው አለች። እስክናነባ ሳቅን። እኔ ሳቁ ካለቀ በኋላም ጥቂት አለቀስኩ።

መጋቢት 22

ከቅዳሴ መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር። ሰው ሞልቷል።

አምሳሉ ከፈተው። ሾላው ይቆረጥ፣ ምንጩ ይቆፈር የሚለውን አቀረበ። የብርጓል ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መቁረጥ ከሆነ ዛሬውኑ ይቆረጥ፣ ልጆቼ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ የለም አለች። ብዙዎች አጉረመረሙላት። እውነቷን ነው። ለእሷ ሾላ ምኗ ነው?

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ኮንፈረንስ ላይ ተናግሬ አውቃለሁ። ይኼ ግን የቀበሌዬ ሰው ነው። መርፌውን፣ ሙቀቱን፣ ወሩን ሁሉ እንዴት እንደለካን ነገርኳቸው። ቁጥር አላበዛሁም። አምሳሉ በጥሞና ሰማኝና ጥያቄ አለኝ አለ።

«አንድ ሾላ ከአንድ ባሕር ዛፍ ይበልጣል ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ይበልጣል።»

ጉርምርምታው ተነሣ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ታዲያ ምን ቀረ አለ አምሳሉ።

«ብዛቱ ቀረ» አልኩት። «ሾላው አንድ ነው፤ ባሕር ዛፉ ደን ነው። እኩል መሬት ወስደን ስንለካው ባሕር ዛፉ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ሾላው በድርቅ ይቆጥባል፤ ባሕር ዛፉ አይቆጥብም። ሾላውን ቆርጣችሁ ባሕር ዛፉን ከተዋችሁት ውሃው አይመለስም ብዬ እፈራለሁ።»

«ባሕር ዛፉ የማን ነው?»

ሁሉም ያውቃል። አምሳሉም ያውቃል። ከእኔ አፍ እንዲወጣ ነው የፈለገው። አልፈረድኩበትም።

«የአባቴ የሙላት ነው።»

አባባ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሲነሡ አላየሁም፤ ድምፃቸውን ነው የሰማሁት። ልጄ ስትነግረኝ አላመንኳትም አሉ። ከዚያ አንዱን ቆርጠው እንዳዩ፣ መስመሩ ሲተኛ በዓይናቸው እንዳረጋገጡ፣ ልክ እንደ ጎረቤት ወሬ አወሩት። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሰማ። መጨረሻ ላይ፣

«ምንጩ አጠገብ እርጥበቱ ላይ ያሉትን እኔው እቆርጣቸዋለሁ። ሸንተረሩ ላይ ያሉትን አልነካም፤ እነሱ ቤቴ ናቸው። ሾላውን ደግሞ ማንም እንዳይነካው።»

ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። ከምንጩ የራቁት ዛፎች የሚጠጡበት ያን ያህል እንዳልሆነ ስለነገርኳቸው ነው ሸንተረሩን የለዩት። የነገርኳቸውን ሁሉ ይዘውት ነበር ለካ…

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሙላት፣ ቤትህ ውስጥ ውሃ ልክ አሳድገሃል» አሉ።

መጀመሪያ ቀሳውስቱ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ገባውና ሳቀ። ግንበኛ ግድግዳው መቅናት አለመቅናቱን የሚያይበት ውሃ ልክ፤ ደግሞም የውሃን ልክ የምታውቅ ልጅ። ሰሙም ወርቁም ለእኔ… ዶክተር ስባል እንኳ እንዲህ የምኮራ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 4

ቆረጧቸው። ጎረቤቱ በወንፈል መጣ። አምሳሉም መጥረቢያውን ይዞ መጥቶ እስከ ማታ ሲቆርጥ ዋለ። ከማርቆስ የመጣ አይሱዙ ጭኖ ወሰደው።

አባባ ሲቆርጡ ደህና ነበሩ። መኪናው ሲሄድ ግን ቆመው ቀሩ። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ሰማዩ ሰፋ አሉ። ከእኛ በር ድሮ የማይታየው ተራራ ይታያል።

ኩራትና ኀዘን አብረው ይሆናሉ? ዛሬ ሆኑ።

ሰኔ 12

ጉቶዎቹ ማቆጥቆጥ ጀምረዋል። ባሕር ዛፍ መቼ እንዲህ በቀላሉ ይለቃል? አባባ በየሳምንቱ ቡቃያውን ይገነጥላሉ። መሐሉ ላይ ሣር ዘሩ፤ ለከብቶቹ ይሆናል ብለው። ዳር ዳሩን ዋንዛ ተከሉ፤ ችግኙን መሪጌታ ሰጧቸው።

መርፌዎቹን ሸንተረሩ ላይ ወዳሉት አዛወርኩ።

ኅዳር 11

የሄለን ቀበቶዎች ዓመት ሞላቸው። ውጤቱን ለአባባ ልትነግራቸው ራሷ ፈለገች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአየር ብዙ ካርቦን የወሰደው ማን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደን አሉ ቅር ብሏቸው። ሸንተረሩ ላይ የቀረው የእርስዎ ባሕር ዛፍ ነው አለቻቸው።

ፊታቸውን ማየት ነበር። እንድትደግምላቸው አደረጓት። ለእማዬም እንድትደግም አደረጓት።

ሄለን ሌላውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደን በእርጅናው ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው፤ ግን በግንዱም በአፈሩም ያከማቸው ባሕር ዛፉ የማይደርስበት ነው። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ሲነድ ደግሞ የወሰደው ተመልሶ አየር ይሆናል። አባባ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው የቤቴ ማገር አልነደደም አሉ። እሱንማ አስልቼዋለሁ አለች ሄለን። ተግባቡ።

ማታውን አምሳሉ ቤት ሄደው ነግረውታል። አንደኛ ወጥተናል ብለው።

የካቲት 27

ምንጩ ጋ ሄድኩ። ያየሁትን ለመጻፍ ፈራሁ። ገና ግንቦት አለ።

ሚያዝያ 19

ውሃው አለ።

እንደ ክንድ አይደለም። ግን አምና በዚህ ወር ጠብ ጠብ ይል የነበረው ዛሬ ይወርዳል፤ ድምፅ አለው። የብርጓልን ከሰዓት በኋላ ስትቀዳ አገኘኋት። ጎህ ሳይቀድ መምጣት ከተውኩ ቆየሁ አለችኝ። ስለ ልጆቿ፣ ትልቋ ከክፍሏ ሁለተኛ ስለመውጣቷ እያወራችኝ ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ልብ አላልነውም።

አምሳሉ ከጎረቤት ቀበሌ ሰዎች ይዞ መጥቶ ነበር። የእነሱም ምንጭ ከባሕር ዛፍ ሥር ነው። አባባ እየዞሩ አሳዩአቸው፤ ጉቶውን፣ ሣሩን፣ ዋንዛዎቹን። መርፌው እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዱ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ሙቀቱን ውሃው ይዞት ይሄዳል አሉ። አንድ ቃል አልሳቱም። ከሰዎቹ አንዱ፣ ጌቱ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ዞረው ውሃው የተመለሰው ዛፉ በመቆረጡ ብቻ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አባባ ያዩኛል። የዘንድሮው በልግ ጥሩ ነበር። አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው። ብቻ ብዬ መናገር አልችልም።

ዝናቡም ዘንድሮ ረድቶናል፣ ከዛፉ የመጣው ስንቱ እንደሆነ ለመለየት ገና መለካት አለብኝ አልኳቸው። የእናንተንም ለክቼ እንጂ ከአሁኑ ቁረጡ አልላችሁም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰኞ እንድመጣ ተስማማን። ሄለንም ቀበቶዋን ይዛ ትመጣለች።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባባ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ያን ሁሉ ዛፍ ቆርጠው፣ ልጃቸው ሰው ፊት ዝናብ ነው ስትል… ላስረዳቸው ጀመርኩ። አቋረጡኝ።

«ልክ ነሽ። የዝናቡን ድርሻ ለዝናቡ ስጪ» አሉ። ወደ ውሃው እያዩ ነበር፤ ፈገግ ብለዋል። «የእኔን ግን እንዳትቀንሺብኝ።»

አልቀንስም።